ቁጥሩ የእናንተ፣ መንገዱ የእኔ፦ በስልክ ካልኩሌተር «ልብ ማንበብ» እንዴት ይሠራል?

የዛሬው ርዕስ ሲሰሙት ጨዋታ ነው፤ በስልክ ካልኩሌተር የሰው ሐሳብ እንዴት «ይነበባል» የሚለውን ነው የማወራችሁ። ጨዋታነቱ እውነት ነው፣ ሻባት ሲወጣ ቤተ ዘመድ በተሰበሰበበት ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ግን ወደ መጨረሻው የወላጆቻችንን ስልክ የሚነካ ቁም ነገር አለው፣ ለሱ ብዬ ነው ይህን ርዕስ የመረጥኩት።

እኔ እዚሁ የተወለድኩ ተማሪ ነኝ። መቁጠርን ከአያቴ በአማርኛ፣ ሂሳብን ከትምህርት ቤት በዕብራይስጥ ነው የተማርኩት። ስለዚህ ቃላቱ ሲደባለቁ ትሰማላችሁ፣ እንደ ቤታችን ማለት ነው። በሉ ስልካችሁን አውጡና ካልኩሌተሩን ክፈቱ። መኪና እየነዳችሁ የምትሰሙኝ ካላችሁ ተዉት፣ ቤት ስትደርሱ ትሞክሩታላችሁ።

በጣም ቀላሉን እናስቀድም። ከ1 እስከ 1000 የፈለጋችሁትን አንድ ቁጥር በልባችሁ ያዙ፣ አትንገሩኝ። በ2 አባዙት። 36 ደምሩበት። የመጣውን ለ2 አካፍሉት። አሁን መጀመሪያ በልባችሁ የያዛችሁትን ቁጥር ቀንሱ። ጨረሳችሁ? ማያ ገጹ ላይ ያለው 18 ነው።

ሚስጥሩ ምን መሰላችሁ? በልባችሁ የያዛችሁትን ቁጥር እንደ ተዘጋ ቦርሳ አስቡት። ውስጡ ስንት ሼቄል እንዳለ እኔ አላውቅም። በ2 አባዙ ስላችሁ፣ ሁለት አንድ ዓይነት ቦርሳ ሆነ። 36 ደምሩ ስላችሁ፣ ከቦርሳዎቹ አጠገብ 36 ሼቄል ተቀመጠ። ለ2 ሲካፈል አንድ ቦርሳና 18 ሼቄል ቀረ። ከዚያ የመጀመሪያውን ቁጥር ቀንሱ አልኳችሁ፣ እናንተም ቦርሳችሁን አንስታችሁ ሄዳችሁ። ጠረጴዛው ላይ የቀረው እኔ ያስቀመጥኩት ነው። ቦርሳውን አንድም ጊዜ አልከፈትኩትም፣ መክፈትም አላስፈለገኝም።

ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው፦ ቁጥሩን የመረጣችሁት እናንተ ናችሁ፣ መንገዱን የመረጥኩት ግን እኔ ነኝ። ሰው ቁጥሩን ራሱ ስለመረጠ ሁሉም ነገር በእጁ ያለ ይመስለዋል። «አባዛ፣ ደምር፣ ቀንስ» የሚለውን ማን እንደመረጠ ግን አይጠይቅም።

18ን ዝም ብዬ አልመረጥኩትም። በዕብራይስጥ ፊደል ሔት 8 ነው፣ ዮድ 10 ነው፤ አንድ ላይ «ሐይ»፣ ሕያው፣ 18 ይሆናሉ። ለሠርግ ወይም ለባር ሚጽቫ የ18 ብዜት የሆነ ገንዘብ የሚሰጡ ሰዎች ያሉት ለዚህ ነው፤ 180፣ 360፣ 540። እስቲ የእነዚህን አሃዞች ደምሯቸው። 1፣ 8 እና 0፣ ዘጠኝ። 3፣ 6 እና 0፣ ዘጠኝ። 5፣ 4 እና 0፣ አሁንም ዘጠኝ። 18 ሁለት ጊዜ 9 ስለሆነ የ18 ብዜት ሁሉ የ9 ብዜት ነው። ሁለተኛው ጨዋታ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ተመልካቹ በራሱ ስልክ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ይጻፍ። «ለበረከት ይሁን» ብላችሁ በ18 አስባዙት። ከውጤቱ ውስጥ አንድ አሃዝ ይደብቅ፣ ዜሮ ብቻ አይሁን። የቀሩትን አሃዞች በፈለገው ቅደም ተከተል ይንገራችሁ። የደበቀውን ትነግሩታላችሁ።

በምሳሌ እንየው። ሰውየው 2749 ጻፈ እንበል። በ18 ሲባዛ 49482 ይመጣል። 8ን ደበቀና «4፣ 9፣ 4፣ 2» አላችሁ። በልባችሁ ደምሩ፣ 19። ከ19 ቀጥሎ ያለው የ9 ብዜት 27 ነው። ከ19 እስከ 27 ስንት ይጎድላል? 8። በቃ። ድምሩ ራሱ የ9 ብዜት ሆኖ ከመጣ፣ ለምሳሌ 18 ወይም 27፣ የተደበቀው 9 ነው። ዜሮን የከለከልነውም ለዚህ ነው፤ ዜሮም ቢደበቅ ዘጠኝም ቢደበቅ ድምሩ የ9 ብዜት ስለሚሆን መለየት አይቻልም።

ለምን ይሠራል? አሁንም በገንዘብ አስቡት። 486 ሼቄል አላችሁ፤ አራት ባለ 100 ኖት፣ ስምንት ባለ 10 ሳንቲም፣ ስድስት ባለ 1። ከእያንዳንዱ 100 ላይ 99 ውሰዱ፣ ከእያንዳንዱ 100 1 ይተርፋል፤ በጠቅላላው 4። ከእያንዳንዱ 10 ላይ 9 ውሰዱ፣ በጠቅላላው 8 ይተርፋል። 6ቱ እንዳሉ ናቸው። የወሰዳችሁት ሁሉ በ9 ያለ ቀሪ የሚካፈል ነው። የተረፈው 4፣ 8 እና 6 ነው፤ የቁጥሩ አሃዞች ራሳቸው! ስለዚህ አንድ ቁጥር ለ9 ያለ ቀሪ የሚካፈለው የአሃዞቹ ድምር ለ9 ሲካፈል ነው። አሃዝ የደበቀ ሰው ድምሩን አጎደለ እንጂ ምንም አልደበቀም።

ሦስተኛው ለብዙ ሰው የሚሆን ነው። አንዱ ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር ይምረጥ፣ 482 እንበል፤ ያንኑ ደግሞ ከጎኑ ይጻፍ፣ 482482። ስልኩን ለሁለተኛው ሰው ይስጥ። «ለ7 አካፍይው፣ ቀሪ አይኖረውም» በሏት። 68926 ይመጣል፣ ነጥብ የለውም። ስልኩ ለሦስተኛው ይለፍ፤ ለ11 ያካፍል፣ 6266። ለአራተኛዋ ይለፍ፤ ለ13 ታካፍል። አሁን ስልኩን ለመጀመሪያው ሰው መልሱለት። ማያ ገጹ ላይ 482 ይጠብቀዋል።

ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥርን ደግሞ መጻፍ በ1001 ማባዛት ነው፤ 482 ሺህ ላይ 482 ሲጨመር ማለት ነው። 1001 ደግሞ 7 ጊዜ 11 ጊዜ 13 ነው። ሳያውቁት በ1001 ያባዙትን በሦስት ሰው እጅ በ1001 መልሰው አካፈሉት። ከቤት ወጥተው፣ ሦስት ሰፈር ዞረው፣ እዚያው በራቸው ላይ ደረሱ።

ልታቀርቡት ለምትፈልጉ ጥቂት ነገር ልጨምር። አንዱን ጨዋታ ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ አትድገሙ፤ የመጀመሪያው ሲደገም መልሱ አሁንም 18 መሆኑን ያያሉ። መድገም ካለባችሁ 36ን ቀይሩት፤ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ምንጊዜም የደመራችሁት ቁጥር ግማሽ ነው። መልሱን ቶሎ አትናገሩ፣ ሰውየው ቁጥሩን በልቡ ደጋግሞ እንዲያስብ ጊዜ ስጡት። ቁጥር የሚጽፈው ሰው ቢሳሳት ጨዋታው ይበላሻል፤ ስለዚህ «ሁለት ጊዜ ሥራው፣ አንድ ዓይነት ከመጣ ብቻ ንገረኝ» በሉት። ይሄ ደግሞ በጎን ይጠቅማችኋል፤ ሰው ራሱ ሁለት ጊዜ ያረጋገጠውን ነገር የበለጠ ያምናል።

እስካሁን ያልኳችሁ በማንኛውም ስልክ፣ በተመልካቹም ስልክ ይሠራል። አሁን ግን ስልኩ የሜንታሊስቱ የሆነበትን እንይ።

ሜንታሊስቱ የራሱን ስልክ ያወጣል። «ኑ፣ አብረን አንድ ትልቅ ቁጥር እንሥራ» ይላል። አንዱ ቁጥር ይጽፋል፣ ሌላዋ በሌላ ቁጥር ታባዛዋለች፣ ሦስተኛው እንደገና ያባዛል። የመጨረሻው ሰው የእኩል ምልክቱን ይጫናል። 14061930 ይላል። «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» 14 በ6። «ሰዓቱስ?» 19፡30። ቤቱ በጩኸት ይሞላል።

የሆነው እንዲህ ነው። ስልኩን ከመስጠቱ በፊት ሜንታሊስቱ 14061930 ጽፏል፣ የመደመር ምልክት ነክቷል፣ ከዚያ 0 እና የማባዛት ምልክት። በቆየው የአይፎን ካልኩሌተር ላይ በዚያች ሰዓት የሚታየው 0 ብቻ ነው፤ ንጹሕ ካልኩሌተር ይመስላል። ሕዝቡ የሚያባዛው ሁሉ ከዚያች ዜሮ ጋር እየተባዛ ነው። ስልኩ ደግሞ ትምህርት ቤት የተማርነውን ሕግ ያከብራል፤ ማባዛት ከመደመር ይቀድማል። 2 ሲደመር 3 ሲባዛ በ4 ብላችሁ ብትጽፉ 14 እንጂ 20 አይላችሁም። ስለዚህ የሕዝቡ ቁጥር ሁሉ መጀመሪያ ዜሮ ይሆናል፣ ዜሮው በመጨረሻ 14061930 ላይ ይደመራል፣ የሚወጣው አስቀድሞ የተጻፈው ነው። በ2024 በወጣው አይኦኤስ 18 የአይፎን ካልኩሌተር የሚጻፈውን በሙሉ በመስመር ማሳየት ስለጀመረ ተንኮሉ እዚያ ፊት ለፊት ይታያል። ብዙ የአንድሮይድ ካልኩሌተሮችም እንዲሁ ያሳያሉ።

ከዚህ የምንይዘው፣ ስልኩን መንካት ስሌቱን መቆጣጠር እንዳልሆነ ነው። ቁልፉን የተጫኑት እነሱ ናቸው፣ ዕቃውን ያዘጋጀው ግን ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ከ«መንገዱን ማን መረጠው?» ቀጥሎ ሁለተኛ ጥያቄ አለን፦ «ዕቃውን ማን አዘጋጀው?»

በዚህ ጥያቄ በጣም የታወቀው ታሪክ የዚሁ ሀገር ሰው ታሪክ ነው። ኡሪ ጌለር በ1946 በቴል አቪቭ ተወለደ፤ በ1970ዎቹ ማንኪያ በሐሳብ አጣምማለሁ እያለ በዓለም ዝነኛ ሆነ። በ1973 በአሜሪካ የጆኒ ካርሰን የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ቀረበ። ካርሰን ራሱ በልጅነቱ የአስማት ትርኢት ይሠራ ነበርና፣ ጄምስ ራንዲ ከሚባለው አስማተኛ ጋር ተመካክሮ ማንኪያዎቹንና ሌሎቹን ዕቃዎች የፕሮግራሙ ሰዎች ራሳቸው እንዲያዘጋጁ፣ ጌለርም ሆነ ረዳቶቹ አስቀድመው እንዳይነኳቸው አደረገ። ያን ምሽት ጌለር ምንም ማሳየት አልቻለም። ክርክር አላስፈለገም፤ ዕቃውን የሚያዘጋጀውን ሰው መለወጥ ብቻ በቃ። ዝናው ግን አልጠፋም። በ2007 እዚህ በእስራኤል «ሃዮሬሽ»፣ ወራሹ ማለት ነው፣ የሚል ፕሮግራም መርቶ ሊኦር ሱሻርድ አሸነፈበት። ሰው መደነቅን ይወዳል፣ እኔም እወዳለሁ። ለትርኢት ተብሎ ለተቀመጠ ሰው መደነቅ ጉዳት የለውም።

ጉዳቱ የሚመጣው ትርኢት መሆኑ ሳይነገር ሲቀር ነው። በኢትዮጵያ ዐውደ ነገሥት የሚባለውን ብዙዎቻችሁ ከቤት ሰምታችኋል። የሰውየውን ስምና የእናቱን ስም ፊደል በቁጥር ይቆጥሩና ደምረው በ12 «ይገድፉታል»፤ ማለትም 12፣ 12 እያወጡ የተረፈውን ይይዛሉ። በተረፈው ቁጥር ኮከቡን ይነግሩታል። እስቲ አስተውሉ፣ እኛ ቅድም ከገንዘቡ ላይ 9፣ 9 እያወጣን የተረፈውን እንደያዝነው ነው። ሂሳቡ ትክክለኛ ሂሳብ ነው፣ የሚሠሩትም ሞኞች አልነበሩም። ቀሪው 5 ከሆነ በእርግጥ 5 ነው። ነገር ግን «5 ስለሆነ እንዲህ ያለ ዕጣ ይገጥምሃል» የሚለው ዝላይ ከሂሳቡ ውስጥ አይወጣም፤ ያን ሰው ነው የጨመረው። የመጀመሪያው ክፍል ትክክል ስለሆነ ሁለተኛውም ትክክል ይመስላል።

ይህን ዝላይ በደንብ ያዙት፣ ምክንያቱም አሁን ወደ ወላጆቻችን ስልክ ልንመጣ ነው።

የእስራኤል መታወቂያ፣ ተዑዳት ዜሁት፣ ቁጥሩ 9 አሃዝ ነው። ዘጠነኛው አሃዝ እንዲያው የተሰጠ አይደለም፤ ከፊተኞቹ ስምንት ተሰልቶ ነው የሚወጣው። በዕብራይስጥ «ሲፍራት ቢኮሬት»፣ የመቆጣጠሪያ አሃዝ፣ ይባላል። አንድ ጸሐፊ ከአሃዞቹ አንዱን አሳስቶ ቢጽፍ ኮምፒውተሩ ወዲያው እንዲያውቅ ነው የተሠራው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ከግራ ጀምሮ አሃዞቹን በ1፣ በ2፣ በ1፣ በ2 እያፈራረቁ ማባዛት፤ ሁለት አሃዝ የሆነ ካለ አሃዞቹን መደመር፤ ከዚያ ሁሉንም ደምሮ እስከሚቀጥለው የ10 ብዜት የጎደለውን መውሰድ። ለምሳሌ ያህል ብቻ 12345678ን እንውሰድ። ሲባዛ 1፣ 4፣ 3፣ 8፣ 5፣ 12፣ 7፣ 16 ይሆናል። 12 ወደ 3፣ 16 ወደ 7 ይለወጣል። ድምሩ 38። እስከ 40 የጎደለው 2 ነው። ዘጠነኛው አሃዝ 2። የባንክ ካርድ የመጨረሻ አሃዝም በዚሁ ዘዴ ይሰላል፤ ሐንስ ፒተር ሉን የተባለ የአይቢኤም መሐንዲስ በ1954 ለፓተንት ያመለከተበት ዘዴ ነው።

አሁን አስቡት። አንድ ሰው እናታችሁ ጋ ይደውላል። ስማቸውን ያውቃል። «የመታወቂያ ቁጥርዎ የመጨረሻ አሃዝ 2 ነው አይደል? ከባንክ ነው የምደውልልዎ» ይላል። እናት «አዎ፣ ልክ ነው» ይላሉ። ልክ ነው! ግን ልክ መሆኑ ምን ያሳያል? ስምንቱን አሃዝ ከየትም ያገኘ ሰው ዘጠነኛውን እንደኛ ቁጭ ብሎ ማስላት ይችላል። የመጨረሻውን አሃዝ ማወቅ የባንክ ሠራተኛ አያደርግም፤ መደመር የሚችል ሰው ያደርጋል። «ቁጥሬን ስላወቀ ከባንክ ነው» የሚለው ያው የኮከቡ ዝላይ ነው።

ቀጥሎ ምን ይላል? «አሁን በመልእክት የደረሰዎትን ኮድ ይንገሩኝ።» እዚህ ላይ ቁሙ። ቅድም ባደረግናቸው ጨዋታዎች የሰውየውን ቁጥር አልጠየቅነውም፣ ምክንያቱም አያስፈልገንም ነበር። በስልክ መልእክት የሚመጣው ኮድ ግን ከስማችሁም ከመታወቂያችሁም ተሰልቶ አይወጣም። ደዋዩ ሊያሰላው ስለማይችል ነው የሚለምነው። ይህን ለወላጆቻችሁ እንዲህ አድርጋችሁ ንገሯቸው፦ የሚጠይቃችሁ ነገር የሌለው ነገር ነው፣ የቸገረውም እሱ ነው።

የሚደረገው አጭር ነው። ስልኩን መዝጋት፤ ስድብም ማብራሪያም አያስፈልግም። ከዚያ በካርዱ ጀርባ ያለውን የባንኩን ቁጥር ራስ መደወል። ያኔ መንገዱንም ዕቃውንም የመረጣችሁት እናንተ ናችሁ። ጥርጣሬ ካለ የብሔራዊ ሳይበር ማዕከሉ ስልክ 119 ነው። እና አደራ፣ እንደ ጨዋታም ቢሆን ሰውን የመታወቂያ ቁጥሩን አትጠይቁ። «ስምንቱን ንገረኝ፣ ዘጠነኛውን ልንገርህ» የሚለው ያስደንቃል፣ ግን ሰውን ቁጥሩን ለሰው መስጠት ያለማምደዋል።

ለአዛውንቶቻችን «ተጠንቀቁ» ብቻ ማለት አይጠቅምም፤ ሲሰለቻቸው አይቻለሁ። ማሳየት ነው የሚሻለው። ለአያቴ የ18ን ጨዋታ በቃል አደረግሁላቸው። «ይቺ ልጅ ምን ይዟታል!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ሁለት ትንንሽ ቦርሳና ሳንቲም ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ሁሉንም ደረጃ በደረጃ በእጃቸው አስደረግኋቸው። መጨረሻ ላይ ቦርሳውን ሲያነሱ ቆም አሉና «ለካ ያወጣሁት እኔው ነኝ!» አሉ። ከዚያ ወዲያ ስለ ስልክ ደዋይ ማውራት ቀላል ሆነልን፣ ምክንያቱም የምናወራው ስለ እሳቸው መታለል ሳይሆን ስለ አንድ ዘዴ ነው። ማንም ሰው ሞኝ ነህ ሲባል መስማት አይፈልግም፤ ዘዴ ሲማር ግን ደስ ይለዋል። እናንተም ስታሳዩ ማስደነቁ ላይ አትቁሙ፣ ቦርሳውን ከፍታችሁ አሳዩ።

ከመለያየታችን በፊት አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ከ1 እስከ 9 አንድ አሃዝ ምረጡ፣ ሦስት ጊዜ ደጋግማችሁ ጻፉት፣ ለምሳሌ 444። ከዚያ ለአሃዞቹ ድምር አካፍሉት፤ ለ12 ማለት ነው። 37 ይመጣል። በየትኛውም አሃዝ 37 ነው። ለምን እንደሆነ ከቤተሰብ ጋር ፈልጉት፤ ፍንጩ 111 ውስጥ ነው ያለው። ስታገኙት መጀመሪያ ለእናታችሁ አስረዷቸው፣ በአማርኛ። እስከሚቀጥለው ክፍል ሰላም ሁኑ።